ገና ያልደረሰ አደጋ ምስክር

ለኒውክሌር አደጋ የሚዘጋጅ የግል ዶሲሜትር ሠራተኛው ደረቱ ላይ የሚሰካው ትንሽ ባጅ ነው። በውስጡ ስስ የብረት ቅጠሎች ይደረደራሉ፤ ወርቅ፣ ኢንዲየም፣ መዳብ፣ አንዳንዴም የድኝ እንክብል ይጨመራል። ኒውትሮን የነካቸው እንደሆነ እነዚህ ነገሮች ለጊዜው ራሳቸው ጨረራ ረጪ ይሆናሉ። አንዱ የኢንዲየም ዓይነት በ54 ደቂቃ፣ ወርቅ ደግሞ በ2.7 ቀን ያገኙት ጨረራ በግማሽ ይቀንሳል። ከጎናቸው የጋማ ጨረራን የሚያጠራቅም ክሪስታል አለ፤ ላቦራቶሪ ገብቶ ሲሞቅ የሚሰጠው ብርሃን የተቀበለውን መጠን ይናገራል። በየወሩ ወይም በየሦስት ወሩ የሚሰበሰበው ተራ ባጅ የሚለካው በሥራ ላይ ቀስ በቀስ የሚጠራቀመውን ጥቂት ሚሊሲቨርት ነው። የአደጋው ባጅ ግን ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ተለቅቆ ሰው ሊገድል ለሚችል ጨረራ የተሠራ ነው። ከእነዚህ ባጆች አብዛኞቹ ተለብሰው፣ አርጅተው እስኪጣሉ ድረስ የተሠሩበትን ነገር አንዴም አያዩም፤ እንዲያዩም የሚመኝላቸው የለም።

ጥያቄው የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። ምናልባት ፈጽሞ ለማይጠራ፣ ቢጠራም አንድ ጊዜ ብቻ ለሚጠራ ምስክር የቃሉ እውነተኛነት በምን ይረጋገጣል? የገበያ ሚዛን የሚፈተሸው ክብደቱ አስቀድሞ የታወቀ ብረት ተጭኖበት ነው፤ ጥርጣሬ ካለ በማግሥቱም ይደገማል። ለአደጋ ግን እንዲህ ያለ የታወቀ ብረት የለም። መጠኑ የታወቀ፣ ቀኑ የተቆረጠ አደጋ ከሆነ አደጋ መባሉ ይቀራል።

እዚህ ላይ ዋናው ጉዳይ ባለሙያዎች የክሪቲካሊቲ አደጋ የሚሉት ነው። ዩራኒየም ወይም ፕሉቶኒየም ከሚገባው በላይ በአንድ ቦታ ሲከማች፣ ወይም ቅርጹ ሲለወጥ፣ አንዱ አቶም ሲሰነጠቅ የሚረጨው ኒውትሮን ሌሎቹን እየሰነጠቀ ይቀጥላል። ብዙውን ጊዜ ፍንዳታ አይሰማም፤ ሰማያዊ ብልጭታ አዩ የሚሉ አሉ። እስከ 2000 ድረስ (እዚህ የተጠቀሱት ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በዓለም የተመዘገቡት እንዲህ ያሉ አደጋዎች 60 ያህል ናቸው። አብዛኞቹ በምርምር ሪአክተሮችና በሙከራ ላይ፣ 22ቱ ደግሞ ዩራኒየምና ፕሉቶኒየም በሚያጣሩ ፋብሪካዎች ውስጥ የደረሱ ናቸው።

ከእነዚህ ሁሉ ለዚህ ጥያቄ የሚስማማው በያኔዋ ዩጎዝላቪያ፣ በቤልግሬድ አቅራቢያ በሚገኘው የቪንቻ ተቋም በጥቅምት ወር 1958 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የደረሰው ነው። ስድስት ወጣቶች መከለያ በሌለው ትንሽ ሪአክተር ላይ ሙከራ እያካሄዱ ነበር። ሁኔታውን የሚከታተሉት ሦስት የኒውትሮን መቁጠሪያዎች ሲሆኑ፣ አንደኛው የማይጨበጥ ንባብ ስለሰጠ ተነቀለ። ሁለቱ ንባባቸው እያደገ ሄዶ ረጋ። ሰዎቹም ሪአክተሩ ረጋ ብለው ገመቱ። ኋላ ሲመረመር መቁጠሪያዎቹ ከዚያ በላይ መቁጠር የማይችሉበት ጣሪያ ላይ ደርሰው ኖሯል። አደጋውን ያወቀው ሰው ነው፤ ከመካከላቸው አንዱ ኦዞን ሸተተው። ጨረራው አየሩን እየለወጠው ነበርና። ስድስቱም ወደ ፓሪስ ተወስደው ለአምስቱ የአጥንት መቅኔ ንቅለ ተከላ ተደረገ፤ ከስድስቱ አንዱ ሞተ፣ አምስቱ ተረፉ።

በቪንቻ መሣሪያዎቹ ዋሹ ማለት ያስቸግራል። እስከሚችሉት ድረስ ቆጥረዋል፤ ከዚያ በላይ ባለው ላይ የሚናገሩበት አቅም አልነበራቸውም። ስሕተቱ ያለው ዝም ማለታቸውን እንደ ቃል በመውሰዱ ላይ ነው። ስለዚህ አንድን መለኪያ መፈተሽ በሚያውቀው ነገር ላይ ትክክል መሆኑን ማየት ብቻ አይደለም፤ የማያውቀው ነገር ሲመጣ ምን እንደሚያሳይም ማወቅ ያስፈልጋል። ይህ ሁለተኛው ፈተና ከፊተኛው እጅግ ይከብዳል።

ምስክሩ ጨርሶ ያልተጠራበት ጊዜም አለ። በግንቦት 1946 በአሜሪካ ሎስ አላሞስ ላቦራቶሪ የፊዚክስ ባለሙያው ሉዊስ ስሎቲን በፕሉቶኒየም እምብርት ላይ ሲሠራ አደጋው ሲደርስ በክፍሉ ከነበሩት ሰዎች ባጅ የለበሰ አልነበረም፤ ባጆቹ ራቅ ብሎ በተቀመጠ የእርሳስ ሣጥን ውስጥ ተቆልፈው ነበር። ስሎቲን ወዲያው ከሣጥኑ አውጥተው ከእምብርቱ አጠገብ እንዲያኖሯቸው አዘዘ። ትእዛዙ ሌላ ሰው ለአደጋ ከማጋለጥ በቀር የሰጠው ጥቅም አልነበረም፤ ካለፈ በኋላ የሚቀመጥ ባጅ ስላለፈው አይመሰክርም። ስሎቲን ከዘጠኝ ቀን በኋላ ሞተ።

ባጅ ባልነበረበት ወይም ባልተማመኑበት ጊዜ የቀረው ምስክር የተጎጂው ሰውነት ነው። በደም ውስጥ ያለው ሶዲየም በኒውትሮን ሲመታ ሶዲየም 24 ወደሚባለው ይለወጣል፤ ግማሽ ዕድሜው 15 ሰዓት ነው። በፀጉር ውስጥ ያለው ድኝ ወደ ፎስፈረስ 32 ይለወጣል፤ ይህ ግን ከሁለት ሳምንት በላይ ይቆያል። በሰኔ 1958 በአሜሪካ ኦክ ሪጅ፣ ዋይ 12 በሚባለው ፋብሪካ ስምንት ሠራተኞች ተጎድተው ነበር፤ ከፍተኛ መጠን የተቀበሉት አምስቱ ከ236 እስከ 365 ራድ (የቀድሞ የጨረራ መጠን መለኪያ) አግኝተዋል። ይህን ቁጥር ያገኙት መርማሪዎች በርሜሉንና የዩራኒየሙን ድብልቅ አስመስለው ሠርተው አደጋውን እንደገና አስነሡ፣ ከአጠገቡም አህያ አቆሙ። በአህያዋ ደም ውስጥ የተገኘው ሶዲየም ከተቀበለችው መጠን ጋር ተነጻጽሮ፣ ከዚያ ወደ ሰዎቹ ደም ተሻገረ። በዚያ ዘመን የነበረው አማራጭ ጠባብ እንደነበረ መካድ አይቻልም። ያም ሆኖ ሰዎቹ የተቀበሉት መጠን የታወቀው በቦታቸው በቆመ ሌላ ፍጡር በኩል መሆኑ ይህ ዕውቀት በምን ዋጋ እንደተገዛ ያሳያል። በቪንቻም በ1960 በዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አስተባባሪነት ሪአክተሩ እንደገና ተቀስቅሶ ሙከራው ሲደገም ሰዎቹ በነበሩበት ቦታ የቆሙት በሶዲየም ውሕድ የተሞሉ የሰው አምሳያዎች ነበሩ።

ከእነዚህ ድግግሞሾች ነው የዛሬው የዶሲሜትር ፈተና የተወለደው። በኦክ ሪጅ ከ1963 እስከ 1987 የሠራው ትንሽ ሪአክተር ለዚህ የተመቸ ነበር። መከለያ አልነበረውም፤ በአንድ ቅጽበት ጨረራ ለቅቆ ይጠፋ ነበር። ከፊቱ ብረት፣ ኮንክሪት ወይም ፕላስቲክ ሲጋረድ የኒውትሮኑ ጉልበት ስለሚለወጥ የተለያዩ አደጋዎችን ይመስል ነበር። በዚህ ዓይነት ፈተና ላቦራቶሪዎች ባጆቻቸውን ይልካሉ ወይም ይዘው ይመጣሉ፤ ባጆቹ ብዙ ጊዜ ከእምብርቱ 3 ሜትር ርቀት ላይ በቆሙ አምሳያዎች ደረት ላይ ይሰቀላሉ። ጨረራው ሲለቀቅ የሚታይ ነገር የለም። ወደ አዳራሹ መግባት እስኪፈቀድ ተጠብቆ ባጆቹ ይወርዳሉ፤ ሠራተኞች በመቁረጫ ከፍተው ቅጠሎቹን እየለዩ ወደ መቁጠሪያ ያስገባሉ። መጀመሪያ የሚቆጠረው ኢንዲየም ነው፤ ቢዘገይ ግማሽ እየሆነ ያልቃልና። ወርቁ እስከ ነገ ይጠብቃል። እያንዳንዱ ላቦራቶሪ ትክክለኛው መጠን ሳይነገረው የራሱን መልስ ጽፎ ያስረክባል።

በ1970ዎቹ ዓለም አቀፉ ኤጀንሲ እንዲህ ያለውን ንጽጽር በፈረንሳይ ቫልዱክ፣ በኦክ ሪጅ፣ በቪንቻና በእንግሊዝ ሃርዌል አካሂዷል። በኋላም በቫልዱክ ሲሌን በሚባለው፣ የዩራኒየም ፈሳሽ በሚጠቀም ሪአክተር፣ በአሜሪካ ደግሞ በኔቫዳ ጎዳይቫ 4 በሚባለው መሣሪያ ቀጥሏል። ቪንቻ ራሷ የፈተና ቦታ መሆኗ ልብ ሊባል ይገባል፤ አደጋ የደረሰበት ሪአክተር ምስክር ማሠልጠኛ ሆነ።

እንግዲህ ላቦራቶሪዎቹ የሚመዘኑበት «ትክክለኛ መጠን» ራሱ ከየት ይመጣል? የሚመጣው ከሌሎች መለኪያዎችና ከስሌት ነው። መለኪያዎቹስ በምን ታመኑ? በቀደመ ፈተና። ይህ ክብ መንገድ በጨረራ ብቻ ያለ አይደለም። የሳይንስ ፈላስፋው ሃሶክ ቻንግ በ2004 ባወጣው የሙቀት መለኪያ ታሪክ ይህንኑ ያነሣል። ቴርሞሜትር በትክክል መለካቱን ለማወቅ ሙቀቱን አስቀድሞ ማወቅ ይጠይቃል፤ ሙቀቱን ለማወቅ ደግሞ ቴርሞሜትር ያስፈልጋል። የቻንግ መልስ ከክቡ መውጫ የለም፣ ግን ክቡ ባለበት የሚዞር አይደለም የሚል ነው። ጉድለት ያለበት መለኪያ የተሻለውን ለመሥራት ይረዳል፤ የተሻለውም ተመልሶ የቀደመውን ያርማል።

መልሱ ለሙቀት በቂ ይመስላል፤ ውኃ በየቀኑ ይፈላል፣ ቴርሞሜትርም በየቀኑ ሊታረም ይችላል። ለአደጋ ግን እርማቱ በጥቂት ክስተቶች ላይ የተንጠለጠለ ነው። ይህን ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው የሂሮሺማ ጉዳይ ነው። በ1962 በኔቫዳ 465 ሜትር ከፍታ ባለው ማማ ላይ መከለያ የሌለው ሪአክተር ወጣ፤ ከታች የጃፓን ዓይነት ቤቶች ተሠርተው ነበር። ዓላማው ከቦምቡ የተረፉ ሰዎች ቤታቸው ውስጥ ሆነው የተቀበሉትን መጠን ማስላት ነው። በኋላ በኦክ ሪጅ የአደጋ ባጆችን ሲፈትን የኖረው ይኸው ሪአክተር ነው። ከእነዚያ ሙከራዎች የተገኘው የ1965 ስሌት ለሃያ ዓመት ገደማ ከሠራ በኋላ በ1986 በሌላ ተተካ፤ በሂሮሺማ የኒውትሮኑ ድርሻ ቀድሞ ከተባለው እጅግ ዝቅ አለ። ከተረፉትም ከሞቱትም ሰዎች በአካላቸው የተለወጠ ነገር የለም፤ የተለወጠው በስማቸው የተጻፈው ቁጥር ነው። የጨረራ ጉዳት ሕግጋት ከእነዚያ ቁጥሮች ስለሚወጡ፣ እርማቱ ቤተሰቡ ሂሮሺማን በስም እንኳ ወደማያውቅ ሠራተኛ ደርሷል።

ስለ ምስክርነት የሚነሣው የቆየ ክርክር እዚህ ቦታ አለው። ፈላስፋው ዴቪድ ሂዩም በ1748 የሰው ቃል የሚታመነው ቃሉ ከእውነት ጋር ሲገጥም ደጋግመን ስላየን ነው አለ። ሌላው ፈላስፋ ቶማስ ሪድ በ1764 ተቃራኒውን ያዘ፤ ሰው በተፈጥሮው የሌላውን ቃል ወደ ማመን ያዘነበለ ነው፣ ጥርጣሬ የሚመጣው በኋላ ነው። ዶሲሜትርን የሚፈትኑ ሰዎች በሂዩም ይመራሉ፤ ባጁን ለብሶ ጠዋት ሥራ የሚገባው ሠራተኛ በሪድ ይኖራል። ሠራተኛው ባጁን ያመነው ፈተናውን ስላየ ሳይሆን የሰጡትን ሰዎች ስላመነ ነው። ፈተናው በቅንነት ካልተካሄደ የሚከዳው ይህ እምነት ነው።

በሙሴ ሕግ ነገር የሚጸናው በሁለት ወይም በሦስት ምስክር ነው፤ በአደጋ ጊዜም ባጁ፣ ደሙና ፀጉሩ ተደምረው ይጠየቃሉ። ሆኖም የምስክሮች ብዛት ብቻውን ዋጋ የሌለው መሆኑን በመጽሐፍ ቅዱስ ያለው የሶስና ታሪክ ያሳያል። ሁለቱ ሽማግሌዎች በሶስና ላይ በአንድ ቃል በሐሰት መሰከሩ፤ ሸንጎውም አመናቸው። ዳንኤል ለያይቶ ከየትኛው ዛፍ ሥር እንዳዩ ሲጠይቃቸው ነው ቃላቸው የተፋረሰው። የዳንኤል ጥያቄ ለዶሲሜትርም ይገባል። ኢንዲየሙ፣ የደሙ ሶዲየምና የፀጉሩ ፎስፈረስ ሦስቱም የሚነግሩን ስለ ኒውትሮን ነው፤ ሦስቱንም ወደ መጠን የሚለውጠው ስሌት በተመሳሳይ ሪአክተር የተቃኘ ከሆነ፣ ቢስማሙ አንድ አስተማሪ ስለነበራቸው ሊሆን ይችላል። የእውነት የተለየ ምስክር የሚገኘው በሌላ መንገድ ከሚመጣው ነው። በደም ሕዋሶች ውስጥ የተሰባበሩና በስሕተት የተጋጠሙ ክሮሞዞሞች ሲቆጠሩ፣ የነጭ የደም ሕዋሶች ቁጥር በየሰዓቱ ሲያሽቆለቁል፣ በሽተኛው ከስንት ሰዓት በኋላ ማስመለስ እንደጀመረ ሲታወቅ መልሱ ከብረቱ ቅጠል ተለይቶ ይመጣል። በጃፓን ቶካይሙራ በመስከረም 1999 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሦስት ሠራተኞች የዩራኒየም ፈሳሽ ወደ ጋን ሲያፈሱ በደረሰው አደጋ ሐኪሞቹ በእነዚህ ሁሉ መንገዶች ሄደዋል፤ ሁለቱ ሠራተኞች ኋላ ሞተዋል።

የቶካይሙራው ጉዳይ ሌላም ነገር ይዞ ይመጣል። አንደኛው ሠራተኛ ማንቆርቆሪያውን ይዞ ከጋኑ ዳር ቆሟል፤ ሌላው ይቀዳል። ለጋኑ የቀረበው እጅና የፊት ገላ ከጀርባው ይልቅ ብዙ ተቀብሏል። ታዲያ «መጠኑ» የሚባለው የየትኛው ክፍል ነው? ለመላው ሰውነት የሚሰጠው አማካይ ቁጥር የትኛውም የሰውነቱ ክፍል ያልተቀበለው ሊሆን ይችላል። ባጁ ደረት ላይ ነው፤ ሰውየው በዚያ ቅጽበት ጀርባውን ሰጥቶ ከነበረ፣ የሰውነቱ ውኃ ኒውትሮኑን ስለሚያስቀር ባጁ ያነሰ ይናገራል። በፈተና ጊዜ አምሳያዎቹን ፊታቸውን ማዞር ቀላል ነው፤ በአደጋ ጊዜ ሰውየው ወዴት እንደዞረ የሚያስታውሰው ራሱ ብቻ ነው፣ እሱም በድንጋጤ ውስጥ ነበር። መሣሪያው የሰውን ቃል ለመተካት ተሠርቶ ሳለ ለመተርጎም የሰውን ቃል መልሶ ይፈልጋል።

ባጁ ፈተናውን በሙሉ አልፎም የሚሰማው ሊያጣ ይችላል። መጋቢት 24 ቀን 2011 በጃፓን ፉኩሺማ የኒውክሌር ጣቢያ ሦስት ሠራተኞች በሦስተኛው ሪአክተር ተርባይን ሕንፃ ምድር ቤት ገመድ ይዘረጉ ነበር፤ እግራቸው በተበከለ ውኃ ውስጥ ነው። የያዙት መለኪያ ጮኸ። በቀደመው ቀን ቦታው ዝቅተኛ ጨረራ እንዳለው ተለክቶ ስለነበር መሣሪያው ተበላሸ ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ፤ ከ170 እስከ 180 ሚሊሲቨርት ተቀበሉ። በዚያው ዓመት በዚያው ጣቢያ የአንድ ንዑስ ተቋራጭ ሠራተኞች መለኪያቸውን በእርሳስ እንዲሸፍኑ መታዘዛቸው ኋላ ተጋለጠ፤ መጠኑ ከገደቡ ካለፈ ሥራው ይቆማልና። በቼርኖቢልም ለጽዳት የተሠማሩት ሰዎች በ1986 ከ25 ሬም (ይህም የቀድሞ የጨረራ መጠን መለኪያ ነው) እንዳያልፉ ተወስኖ ስለነበር ከዚህ ገደብ በታች ተጠግተው የተደረደሩ የመዝገብ ቁጥሮች አጠራጣሪ ሆነዋል። በእነዚህ ሁሉ ላይ ቅጠሉንና ክሪስታሉን መፈተሽ ምንም አይረዳም። ይህን ጉዳይ ከዶሲሜትር ፈተና ውጭ አድርጎ መተው የተለመደ ቢሆንም ትክክል አይመስልም፤ ሠራተኛው የሚያምነው መሣሪያውን፣ አለቃውንና መዝገቡን በአንድ ላይ ነውና።

ስንት ስሕተት ይፈቀዳል የሚለው የመጨረሻው ነጥብ ነው። የዓለም አቀፉ ኤጀንሲ የ1982 መመሪያ በ48 ሰዓት ውስጥ የሚሰጠው መጠን ከ50 በመቶ ያልበለጠ፣ ከአራት ቀን በኋላ የሚሰጠው ደግሞ ከ25 በመቶ ያልበለጠ ስሕተት እንዲኖረው ይጠይቃል። ለኢንጂነር ይህ ልል ሊመስል ይችላል። ለሐኪም ግን ባጁ 4 ግሬይ (የዛሬው የጨረራ መጠን መለኪያ) ቢል እውነቱ ከ2 እስከ 6 ሊሆን ይችላል ማለት ነው። በ2 ግሬይ አብዛኛው ሰው በእንክብካቤ ይድናል፤ 4 ግሬይ ሕክምና ካላገኙት ግማሽ ያህሉን ይገድላል፤ በ6 ግሬይ ከፍተኛ ሕክምና እያለም ተስፋው ይጠብባል። ስለዚህ ሐኪሙ በሕመምተኛው ላይ የሚያየውን ከባጁ ያስቀድማል። የባጁ ዋና ጥቅም ግን ሌላ ሰው ላይ ነው። ደወል ሲጮህ ከሕንፃው የሚሮጡት ብዙዎች ናቸው፤ ከእነሱ መካከል የተጎዱት ጥቂት ናቸው። ኢንዲየሙን በእጅ መቁጠሪያ ፈትሾ፣ ወይም ሰውየው ጎንበስ ብሎ መቁጠሪያውን ሆዱ ላይ አቅፎ የሶዲየሙን ድምፅ አዳምጦ «አልነካህም» ማለት የሚቻለው በዚህ ጊዜ ነው። ያልተነካውን ተነክቷል ማለት ለአንድ ሌሊት ጭንቀት ይዳርጋል፤ የተነካውን አልተነካም ማለት ግን ሕክምናውን ይነፍገዋል። ሁለቱ ስሕተቶች እኩል እንዳልሆኑ ግልጽ ቢሆንም፣ በቁጥር ብቻ የተጻፈው የ50 በመቶ ገደብ ወደ ላይና ወደ ታች እኩል ይፈቅዳል።

በዚህም ምክንያት ጥንቃቄ ያላቸው ላቦራቶሪዎች ከመጨረሻው የግሬይ ቁጥር ጋር ሌላም ያስቀምጣሉ፦ በእያንዳንዱ ቅጠል ላይ የተቆጠረው ስንት እንደነበር፣ ቆጠራው በስንት ሰዓት እንደተጀመረ፣ ባጁ የት እንደተሰካ፣ ሰውየው ወዴት ፊቱን እንዳዞረ ራሱ የሰጠው ቃል፣ ለስሌቱ የትኛው ሪአክተር እንደ መነሻ እንደተወሰደ። በሂሮሺማ እንደሆነው ስሌቱ ከሃያ ዓመት በኋላ ቢታረም፣ እነዚህ ከተጻፉ የሰውየው መጠን እንደገና ሊሰላ ይችላል፤ ግሬዩ ብቻ ከተጻፈ ግን አይቻልም።